የስድብ ልምምድ

ኦዜላ ፕሩት በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት ትንሽ ከተማ በዌስሊን፣ በነጮች ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ነጭ ወንድ ሲቆጣ ምን ብሎ እንደሚሳደብ፣ ከመማታቱ በፊት አንገቱ እንዴት እንደሚቀላ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1961 ጸደይ የቤተ ክርስቲያኗ ወጣቶች ዋናው መንገድ ላይ ባለው፣ ምግብም በሚሸጥበት መድኃኒት ቤት የምሳ ባንኮኒ ላይ በተቃውሞ ሊቀመጡ ወሰኑ። ጥቁር ሰው እዚያ ገዝቶ መውጣት እንጂ መቀመጥ አይፈቀድለትም ነበር። ንግግሩን የሚያደርገው ፓስተር ጌዘር ነበር። የትኛው ልጅ በየትኛው ቀን እንደሚሄድ፣ ማን በመኪና እንደሚመልሰው፣ ቢታሰር ወላጆቹን ማን እንደሚያጽናና የምታስበው ግን ኦዜላ ነበረች።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምድር ቤት ወርደው ስድብና ዱላ ችሎ መቀመጥን ይለማመዱ ነበር። ወንበር ተደረደረ፤ ልጆቹ ተቀመጡ። የሚሳደበውን ነጭ ሆኖ የሚጫወት ሰው ግን ጠፋ። የሞከሩት ሁሉ ሳቃቸው ቀደማቸው። በመጨረሻ ኦዜላ ራሷ ተነሣች። አናታቸው ላይ ኮምጣጤ አፈሰሰች፣ ኮሌታቸውን ይዛ ጎተተች፣ ስትሰማው የኖረችውን ስድብ ሁሉ አንድም ሳታስቀር አወረደችባቸው። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

“መናደዳችሁን አልነቅፍም፤ ግን አንድ እጅ ከተነሣ ሁላችሁንም ነው የሚጨርሷችሁ። ባንኮኒውን በሁለት እጃችሁ ያዙ፤ እንዳትለቁ” አለቻቸው።

እጁን ያነሣ ከሚሄዱት ዝርዝር ይወጣ ነበር። ከሁሉም የከፋችው በገዛ ልጇ በቬርኒታ ላይ ነው። ቬርኒታ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ኦዜላ ፀጉሯን ጎተተች፣ በጥፊ መታቻት፣ የሞተ አባቷን ሳይቀር ሰደበችባት። ልጅቷ ወንበሯን ይዛ ፊት ለፊት ትመለከት ነበር።

“ጨረስሽ እማዬ?” አለች፣ እናቷ ትንፋሽ ሲያጥራት።

ረቡዕ ቀን ልምምዱን ያለፉት ስድስት ልጆች ሄደው ተቀመጡ። ኦዜላ ያን ሰዓት ወጥ ቤት በምትሠራበት በአንድ ነጭ ጠበቃ ቤት አተር ትፈለፍል ነበር። የቤቱ እመቤት ስልክ አናግራ ገባችና፣ “ኦዜላ፣ መድኃኒት ቤት ከረበሹት ልጆች የምታውቂው አለ?” ብላ ጠየቀቻት።

“አንዷ ልጄ ናት፣ እመቤቴ።”

ሴትዮዋ ሽርጡን አውልቃ እንድትተው፣ ነገም እንዳትመጣ ነገረቻት።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንድ ነጭ የስኳር ብርጭቆ አንሥቶ በቬርኒታ ግራ ጆሮ ላይ ሰብሮባት ነበር። ሲያነሣው አይታዋለች። ክንዷን ከፍ ብታደርግ ትከልለው ነበር፤ ግን ባንኮኒውን አልለቀቀችም። የሠፈሩ ጥቁር ሐኪም ስብርባሪውን ሲለቅም ቆይቶ፣ ያ ጆሮ ከእንግዲህ እንደማይሰማ ለእናቷ ነገራት።

ኦዜላ በልጇ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። “ለምን አልተከላከልሽም?” አለቻት።

“አትልቀቁ አላልሽም?”

“አንቺን ያን ያህል ያሠቃየሁሽ እጅሽን እንድታነሺ ነበር። ከዝርዝሩ አውጥቼ ቤት ላስቀርሽ ብዬ ነው።”

“አውቄብሽ ነበር” አለች ቬርኒታ። “ለዚህ ነው ያላነሣሁት።”

በሚቀጥለው እሑድ አሥራ አንድ ልጆች መጡ። ኦዜላ ኮምጣጤውን ይዛ ፊታቸው ቆመች፤ ክዳኑን ግን አልከፈተችውም። ጭንቅላቷን በፋሻ የጠቀለለችው ቬርኒታ ከኋላ መጥታ ጠርሙሱን ከእጇ ወሰደች። ስድቡንም ቃል በቃል ታውቀው ነበር። ኦዜላ እስከ መጨረሻው መስማት አልቻለችም፤ ደረጃውን ወጥታ ሄደች።

ባንኮኒው ለጥቁሮች የተከፈተው ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ ነው። ፓስተር ጌዘር ሳንድዊች ሲበላ ፎቶው በጋዜጣ ወጣ። ኦዜላን ያስታወሳት የለም። ከነጮቹ ቤት አንዱም ዳግመኛ አልቀጠራት፤ ዕድሜዋን በልብስ መተኮሻ ቤት እንፋሎት ውስጥ ፈጀችው፤ ሳንባዋም እዚያው ተበላሸ። የመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይም አንድ ቀን አልተቀመጠችም። ቬርኒታ ዲትሮይት ሄዳ አገባች፤ በዓመት አንዴ ትመጣ ነበር፤ ጠርሙሱን ስለወሰደችበት እሑድ ግን ሁለቱም አንሥተው አያውቁም።

ኦዜላ ስትሞት በቀብሩ ቀን በታደለው ወረቀት ላይ፣ “ታማኝ የመዘምራን አባል ነበረች” ተብሎ ተጻፈ። ሌላ ምንም የለም። ቬርኒታ አነበበችውና አጣጥፋ ለአዲሱ ፓስተር መለሰችለት። የተሳሳተ ነገር ይኖርበት እንደሆነ ሲጠይቃት፣ በግራ ጎኗ ቆሞ ስለነበር አልሰማችውም።