ማግኔቱ የያዘው ሽጉጥ

በሞረድ የተፋቀ ናስ ሽታ ዛሬም በአንዳንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ ድንገት ይመጣብኝና ወደ ልጅነቴ አስመራ ይመልሰኛል። ዘመኑ የንጉሡ ነበር፤ ቤት ትግርኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ የምናወራበት። ባባ የአውቶቡስ ሾፌር ስለነበር ማልዶ ይወጣል፣ ማማ የሰው ልብስ ትሰፋለች፣ እኔ የማወራው ከታላቅ ወንድሜ ከተስፋይ ጋር ብቻ ነበር። ተስፋይ የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት፣ ጣሊያኑ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ የጥንቱን አስመስለው አዲስ የሠሩትን የሚያብለጨልጭ ሽጉጥ ለማስታወሻ ሰጠው፤ እሱም እሁድ እሁድ በጨርቅ እየወለወለ «ብር እኮ ነው!» እያለ ያስቀናኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሰሞን፣ ተስፋይ ለሥራ እንደወጣ ቀረ። ሸማቂዎቹን ሊቀላቀል ወደ በረሃ መውረዱን ማንም አልነገረኝም፤ ከማማ ዝምታ ተረዳሁት። ጌጥ ነው ብሎ የተወውን ሽጉጥ እሷ በነጠላ ጠቅልላ ትራሷ ሥር ታኖረው ጀመር፤ እኔም ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ፣ የሚያጫውተኝ ስለሌለ፣ ከግድግዳው ጋር ኳስ ስቀባበል እውል ነበር።

ጥቅምት ሲገባ በሰፈራችን በሓዝሓዝ የቤት ፍተሻ ተጀመረ። ባባ ማማን «ጌጥ ከሆነ ይቀመጥልሽ፣ መሣሪያ ከሆነ ግን ያስጨርሰናል» አላት፤ ሽጉጡን በደብተር ቦርሳዬ ከትቶ፣ እጄን ይዞ፣ ሊያስመረምረው ዓኽርያ ሰፈር ወዳለው የቤተሰባችን ወዳጅ፣ ወደ ሽማግሌው አንጥረኛ አቦይ ገብረዝጊ ወሰደኝ።

አቦይ ገብረዝጊ ማግኔት አንስተው ወደ ሽጉጡ አካል ሲያስጠጉት ሳይይዝ ተንሸራተተ። ባባ «ብረት አይደለም ማለት ነው» ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። ሽማግሌው ግን ከእጀታው ሥር በሞረድ ፋቅ አድርገው ቢጫውን አሳዩን።

«ብር አይደለም፤ ናስ ነው፣ ላዩን ኒኬል አልብሰውታል» አሉና ማግኔቱን ወደ አፈሙዙ ወሰዱት። ቀጭ ብሎ ተጣበቀ። «ይህ ግን ብረት ነው። ጥቁር ሰማያዊነቱም የተቀባ ቀለም እንዳይመስልህ፣ ብረቱ ራሱ በእሳት ያወጣው መልክ ነው።»

«ይተኩሳል?» አለ ባባ።

«እወ። ባሩድና እርሳስ ካጎረስከው ይተኩሳል።»

ባባ «ይቁረጡት፣ አቦይ» አለ፣ ፊቱንም ወደ በሩ አዞረ። መጋዙ ብረቱን ሲበላ እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። የእጀታውን እንጨት ብቻ ለማማ ወሰድንላት፤ ተቀብላ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

ተስፋይ አልተመለሰም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ መርዶው መጣ።

ሽጉጡ በተቆረጠበት ዓመት ጥር ላይ አዲሷ መምህርት ስንት ወንድምና እህት እንዳለን ስትጠይቀን፣ ወንድሜ በረሃ መውረዱ እንዳይታወቅ ማማ እንዳስጠናችኝ «ብቻዬን ነኝ» ብዬ ነበር፤ እውነትም ብቻዬን ነበርኩ። ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ «ሁለት ነበርን» እላለሁ፣ ስሙንም ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ የሚያስፈራኝ የለም፣ እሱን የሚያውቅ ግን ከእኔ በቀር ማንም አልቀረም።