ልጄና የሲኒማው ወለል

ልጄ መራመድ የጀመረው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር በተከራየነው ቤት ነው። ባቆምኩት ቁጥር ግን ሁሌም ወደዚያው አንድ ግድግዳ እየሮጠ ሄዶ ግንባሩን ይመታል። እግሩ እኩል አይደለም ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለባሌም አልነገርኩትም፤ ከተናገርኩት እውነት የሚሆን መሰለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት የማላውቃቸው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላም አሉኝ። «ቤቱን አንዴ ልየው ብዬ ነው።»

እምቢ ማለት ከበደኝና አስገባኋቸው። ወዲያው ልጄ ተነስቶ ሮጠና ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ሰውዬው ሳቁ፤ እኔ አለቀስኩ።

«አባባ፣ ልጄ እግሩን ታሞብኝ ይስቃሉ?»

«ኧረ ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እግሩ ደህና ነው! ይሄ እኮ ሲኒማ ቤት ነበር። እኔ በሩ ላይ ትኬት እቀድ ነበር። ከኋላ የተቀመጠው ሰው እንዲያይ ወለሉ የፊልሙ ሸራ ወደነበረበት ወደዚያ ግድግዳ ዝቅ እያለ ነው የተሠራው። ሰው ቴሌቪዥን ሲገዛ ተዘጋ፤ እህል ተከማቸበት፤ ኋላ ለኪራይ ተከፋፈለ። ያኔም ሕፃናቱ እንዲሁ እየተንደረደሩ ሸራው ስር ነበር የሚቆሙት።»

ለካ ቤቱን ሳጥብ ውሃው ራሱ ወደዚያ የሚወርደው ለዚህ ነው! እኔ እኮ ጥሩ ቤት አገኘሁ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

«ሜዳ ላይ አቁሚውና እዪው» አሉኝ።

ግቢ አውጥቼ አቆምኩት። ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ መራመድ ጀመረ። እልል ልል አፌን ስከፍት፣ ልጄ በተከፈተው የግቢ በር ባጃጆቹ ወደሚከንፉበት መንገድ ሊወጣ ነው።

«ሩጪ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው። «እዚህ የሚያቆመው ግድግዳ የለም!»