እጄ ቆሽሿል

በሚሌኒየሙ ዓመት ጭድ ተራ ብቅ ያለው ጫኝና አውራጅ፣ ሰው ሰላም ሲል እጁን አይሰጥም። ክረምት ከበጋ የማያወልቀውን የካኪ ካፖርት እጅጌ ጣቶቹ ላይ ጎትቶ ክንዱን ይዘረጋና፣ «ይቅርታ፣ እጄ ቆሽሿል» ይላል። ሥራው አቧራ ስለሆነ ማንም ልብ አላለው። ልብ ያለችው ሻይ የምትሸጠው ሀምዲያ ብቻ ናት፤ በሳሙና የምታስታጥበው እሷ ናትና። ታጥቦ ሳይደርቅ እንኳ የሚሰጠው ያንኑ ክንዱን ነው።

ሁለት ብርጭቆ እጁ ላይ ከደቀቀ ወዲህ ሻዩን በቆርቆሮ ኩባያ ትሰጠዋለች። ኩባያውም አሁን የአምስት ጣት ስርጉድ አውጥቷል።

አንድ ማክሰኞ ፍሬኑ እምቢ ያለ የጭነት መኪና ቁልቁል ሲመጣ ሰው ሁሉ ተበተነ። እሱ ግን መኪናው ፊት ቆሞ በአንድ እጁ አቆመው። የፊት ብረቱ እንደ ጣሳ ተጨማደደ። ሾፌሩ እያለቀሰ እጁን ሊስም ሲጠጋ፣ ሰውዬው እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሸቀና ሸሸ። «ተወኝ፣ እጄ ቆሽሿል!»

ሀምዲያ አላስቻላትም። «ጋሼ፣ አሁን አይደል እንዴ ያስታጠብኩዎት? ምኑ ነው የቆሸሸው?»

እጅጌውን ጣቶቹ ላይ ጎተተ።

«ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር» አላት። «መንገድ ላሻግራት እጇን ይዣለሁ። መኪና ሲመጣብን ደነገጥኩና ጠበቅ አደረግኩት።»

ሊሰናበታት ክንዱን ሲዘረጋ ሀምዲያ ሳታስበው እጇን ሽርጧ ስር ሸሸገች።

አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጎሽ» አላት።