ለደስታ መሬት አዋሳኝ ሲጠፋ

ገመድ የያዝኩ ዕለት ቀያሹ አቶ ታደሰ «አንተ ትጎትታለህ፤ ማሰብ የኔ ነው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ገመዱን ጤዛ ላይ ጣሉት። የራሰ ቃጫ ይኮማተራል ብዬ ብነግራቸው «ማሰብ የማን ነው አልኩህ?» አሉኝ። ያን ቀን ሦስት ገበሬ አጭር መሬት ይዞ ቤቱ ገባ።

የመሬት አዋጁ የወጣ ሰሞን ነው፤ ከጂንካ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ ማኅበር። ዕቃችን ገመድ፣ ችካልና መዶሻ ነው። ደንቡም አጭር ነው፤ መሬት ሲለካ አዋሳኞች ድንበራቸው ላይ ቆመው በጣታቸው ይፈርማሉ። አዋሳኝ ካልቆመ መዝገብ የለም። መዝገብ የሌለውን ደግሞ ማንም ያስነሣዋል።

የደስታ ተራ ደረሰ። ደስታ የአካባቢው ባለርስት ባሪያ ነበረች። ባርነት በሕግ ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ለእሷ የነገራት ሰው ነው የጠፋው። ባለርስቱ አገር ጥሎ ሲሸሽ ከምጣዱና ከበርሜሉ ጋር ትቷት ሄደ። ማኅበሩ ወንዝ ዳር ቁራሽ መሬት መራት።

ችካሌን ይዤ ብጠብቅ አዋሳኝ የለም። ከላይ በኩል የሚያዋስናት ጴጥሮስ ነው። ቤቱ ሄድኩ።

«አልቆምም» አለኝ።

«ጸሎት ቤት እህት ደስታ ትላት የለም እንዴ?»

«እህቴ ናት። አዋሳኜ ግን አትሆንም። የባሪያ ጎረቤት ከተባልኩ ልጆቼን ማን ያገባቸዋል?»

ይህ ሰው ዕድሜውን የባለርስቱን እህል በጀርባው ሲያመላልስ የኖረ ጭሰኛ ነው። ነፃ መውጣቱን በየስብሰባው ይጮኻል።

ሊቀመንበሩ ማርቆስ ስብሰባ ጠራ። ከታች በኩል የሚያዋስናት እሱ ነው፤ እሱም አልቆመላትም። «አብዮቱ ባሪያ አያውቅም!» አለ።

«እንግዲያው አብዮቱ ይቁምላት» አለ ጴጥሮስ።

ተሳቀ። ከዚያ ዱላ ተነሣ። የላይ ሰፈር ከጴጥሮስ፣ የታች ሰፈር ከማርቆስ ሆኖ ሁለት ቀን ተፈናከተ። የታችኞቹ ለደስታ ሲሉ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሾቹ የቆየ የመስኖ ቂም ነበራቸው። እኔንም ከኋላ ፈነከቱኝ።

ደስታ ቁስሌን አጠበችልኝ። «ምን አገባህ አንተ? ለካልኝ» አለች።

«አዋሳኝ የለማ!»

«ደም መፋሰሱ ሲደክማቸው ይመጣሉ» ብላ ወደ ቁፋሮዋ ተመለሰች።

ከጂንካ አንድ ኤክስፐርት መጣ። ችግሩ «የአድሚኒስትሬሽን ነው» ብሎ ማኅበሩን ለሁለት ከፈለው። ሁለት ሊቀመንበር፣ ሁለት ማኅተም። ሁሉም ደስ አለው። የሁለቱ ማኅበር ድንበር በየት ይሂድ ሲባል ግን መሐል ላይ ያለችው የደስታ ቁራሽ ሆነች።

ልኬቱ በነጋታው ሆነ። ፀሐይ ሳትወጣ የላይ ሰፈር ወንድ ሁሉ በላይ፣ የታች ሰፈር ወንድ ሁሉ በታች ተሰልፎ አገኘሁት። አንዱ አንድ እርምጃ እንዳይገፋ ሌላው ዓይኑን አልነቀለም። ያን ያህል አዋሳኝ የቆመለት መሬት አይቼ አላውቅም።

«ቆምክላት አይደል?» አልኩት ጴጥሮስን።

«ለእሷ መሰለህ? ማርቆስ እንዳይገፋኝ ነው።»

«ይሁን፤ ጣትህን አምጣ።»

ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አተመ። ማርቆስም አተመ። አቶ ታደሰ መዝገቡ ላይ «ባለይዞታ፦ ደስታ» ብለው ጻፉ። እሷ ቀና ብላ አየችንና ማሽላዋን መዝራት ቀጠለች።

ደርግ እስኪወድቅ ገመድ ጎትቻለሁ። አዋጅ መሬት ይሰጣል፤ አዋሳኝ ግን አያቆምም። ስለዚህ ገመድ ለምትይዙ የምላችሁ ይህ ነው፤ ሰው ድንበር ላይ ከቆመላችሁ ለምን እንደቆመ አትመርምሩ። አስፈርሙት።