ገራባ የለመዱ ፍየሎች

ልጄ የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ትወድቅብኛለች ብዬ ስለምሰጋ፣ ሰፈራችንን እናጽዳ ሲባል ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። ቦዩን የደፈነውን ገራባ፣ ሰው ቅሞ የጣለውን የጫት ትራፊ፣ ዝቀን አወጣን። ልጆች እንዳይጠጉም ዳር ዳሩን ችግኝ ተከልን።

በማግስቱ ችግኙ ተግጦ አደረ። ገራባ የለመዱት ፍየሎች ቁርሳቸውን ቢያጡ ወደ እሱ ዞረዋል።

«አቦ፣ ያንቺዋ ፍየል ናት የመራቻቸው!» አለችኝ ጫት ሻጯ ጎረቤቴ።

«ወላሂ፣ አስሬአታለሁ!»

«አዎ፣ ገመዷን እየጎተተች ነው የመጣችው።»

ችግኙን እንደገና ተከልን። ገራባውን ግን አሁን እኔ በጆንያ ተሸክሜ ከሰፈር ውጭ ለፍየሎቹ እበትናለሁ። ልጄም ቦዩን ትታ ፍየሎቹን መከተል ጀምራለች፤ ስጋቴም አብሯት ሄዷል።