የአክስቴ ጣት

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ የራሷ ሰላምታ ያላት ጣት ነበረችኝ። አባዬ ከሥራ ሲገባ ወንድሜን ግንባሩን ይስመውና ወደ እኔ ዞሮ ቀኝ እጄን ያነሳል። ትንሿን ጣቴን መሃል አንጓዋ ላይ፣ ወደ ውጭ ከተንሻፈፈችበት ቦታ ይስማትና «እህቴ ደህና ዋለች?» ይላል። እኔም በጣቷ ፈንታ ድምፄን አቅጥኜ «ደህና ናት» እላለሁ። ወንድሜ ይቀናል። እኔ ደግሞ እንዲቀና እፈልግ ነበር።

እህቴ የሚላት እኔ ከመወለዴ ጥቂት ቀደም ብላ የሞተችውን ታናሹን ነው። ምትኬ ብሎ ስም ያወጣልኝም ለእሷ ምትክ አድርጎኝ ነበር። ጣቴም የእሷ ናት ተባለ፤ እንዲሁ የተንሻፈፈች ትንሽ ጣት ነበረቻት አሉ። ሳሎን የተሰቀለው ፎቶዋ ላይ እጆቿ አይታዩም። ቢሆንም እንግዳ በመጣ ቁጥር እጄን ዘርግቼ አሳያለሁ፤ ዘመዶቻችንም አገላብጠው አይተው «ቁርጥ እሷን!» ይላሉ።

ትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደወል ከክፍላችን ጀርባ ቅልሞሽ እንጫወት ነበር። ዝናብ ካባራ በኋላ ጠጠሮቹ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታሉ። ወደ ላይ ወርውሬ በእጄ ጀርባ ስቀበል አንዷ ጠጠር ሁልጊዜ በዚያች ጣት በኩል ሾልካ ትወድቃለች። ጓደኞቼ ሲስቁብኝ «የአክስቴ ናት፣ ምን ላድርጋት?» ብዬ እኮራባቸዋለሁ። እየተሸነፈች እየኮራች ወደ ቤቷ የምትመለስ ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አባዬ ቮልስ ነበረችው። ፀሐይ ላይ ስትቆም የወንበሯ ፕላስቲክና የቤንዚኗ ሽታ ራስ ያዞራል። የእሷን በር እኔ ዘግቼ አላውቅም። እሱ ዞሮ ይመጣል፣ «እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ» ይላል፣ ሁለቱም እጆቼ ጭኔ ላይ መሆናቸውን አይቶ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። የሰፈር ልጆች እያዩኝ እንደ ሙሽራ የምሸኝ ይመስለኝ ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጣቷን በመዳፉ ሸፍኖ እያሞቀ «ብርዱ አላሳመማትም?» ይለኛል። እንደኔ የሚወደድ ልጅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ይህን እምነት ይዤ አደግኩ፤ ይዤው ካምፓላ ገባሁ። በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ካለው ቢሮዬ ወጥቼ ቡጎሎቢ ወዳለው ቤቴ በሞተር ታክሲ፣ እዚህ ቦዳ በሚሉት፣ ስመለስ፣ ሞተሩ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ባለቦዳውንም እኔንም አስፋልቱ ላይ ዘረጋን። ቀኝ እጄ አበጠ። ማስኩን እስከ ዓይኑ ድረስ የሳበ ወጣት ኡጋንዳዊ ሐኪም ራጁን ብርሃኑ ላይ ሰቀለው። ቡጢ ስጨብጥ ጎላ ብለው የሚወጡት አንጓዎቼ ደህና ነበሩ፤ የተላጠው ቆዳው ብቻ ነው።

«ይኼ ግን የቆየ ስብራት ነው» አለ፣ በእስክርቢቶው ትንሿን ጣት እያሳየኝ።

«ስብራት አይደለም፣ ከዘር ነው» አልኩት እየሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም። ከአውራ ጣት በስተቀር እያንዳንዷ ጣት ሦስት አጥንት አላት፤ የእኔ መሃለኛው አጥንት መገጣጠሚያው አጠገብ ተሰብሮ ሳይስተካከል ገጥሟል። የገጠመበት ቦታ የብረት በያጆቹ ሰፈር ካትዌ እንደሚበየዱት የብረት በሮች ጎርበጥ ብሎ ይታያል። ግራ እጄንም አስዘረጋኝ። ከዘር ቢሆን ብዙ ጊዜ ሁለቱም እጅ ላይ ይወጣል አለ። የግራዋ ትንሽ ጣት ቀጥ ያለች ናት። ዕድሜዬን ሙሉ አብራኝ የኖረችውን ግራ እጄን ገና ያን ቀን አየኋት።

እማዬ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ሐኪሙን ሰደበችልኝ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ አሁን ምን ያደርግልሻል?» ስትል ነገሩ እውነት መሆኑ ገባኝ። ገና ድክ ድክ ስል አባዬ ከእሷ ጋር ተጣልቶ ሲወጣ የቮልሷን በር በንዴት ድርግም አደረገው፤ እጄ መሃል ነበረች። ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስትለው፣ ምን ሆነች ሲሉኝ ምን ልል ነው ብሎ ወጌሻ አስጠራ። ወጌሻው አሸ፣ አሰረ፤ ጣቷ ግን እንደተንሻፈፈች ቀረች። በእህቱ ሙት ዓመት ዘመድ ተሰብስቦ «የልጅቷ ጣት ምን ሆነች?» ሲል፣ አባዬ «አክስቷን ወጥታ ነው» አለ። ሐዘንተኛ ፊት ማን ይከራከራል? ሁሉም አዎ አለ፤ ቆይቶም ራሳቸው አመኑት መሰለኝ።

«የእሷስ ጣት?» አልኳት።

«የእሷማ ቀጥ ያለ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

በሩን ይቅር እለዋለሁ። ሰው ይናደዳል፣ በር ያላትማል። እኔን ያንገበገበኝ «ቁርጥ እሷን» ነው። የሞተች ሴት ጣት በሐሰት አጣመው ሰጡኝ፣ እኔ በኩራት እጄን ስዘረጋ ሁሉም እያወቀ አየኝ። እማዬም ጭምር። ያን ሁሉ ጊዜ የተሳመው ማን ነበር? እኔ ነኝ፣ አክስቴ ናት ወይስ የራሱ ጥፋት? ከዳችሁኝ አልኳት፤ «ልጅ ነበርሽ እኮ» አለችኝ።

ከሳምንት በኋላ አባዬ ደወለ። አርጅቷል፣ ቮልሷም ከተሸጠች ቆይታለች። ያኔ እጄን አንስቶ ይስም ነበር፤ አሁን እሱ አዲስ አበባ፣ እኔ እዚህ፣ በመካከላችን ያለው ስልክ ብቻ ነው። እማዬ ምንም አልነገረችውም።

«ካምፓላ ዝናብ ነው አሉ» አለ እንደ ልማዱ። «ጣቷ አላመመችሽም?»

ይህን ጥያቄ በየክረምቱ ስሰማው ነው የኖርኩት። የአክስቱን አፍንጫ የወረሰ ሰው፣ አፍንጫህን አላመመህም ተብሎ ያውቃል? እንዴት አንድ ቀን እንኳ ይህን አልጠየቅኩም! ድሮ ቢሆን ድምፄን አቅጥኜ ደህና ናት እለው ነበር።

«ታመኛለች፣ አባዬ» አልኩት፣ በራሴ ድምፅ።

ሲተነፍስ ይሰማኛል። የማን ጣት እንደሆነች እንዲነግረኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩት።

«እንግዲህ ብርድ አታስነኪያት» አለኝ በመጨረሻ፤ ያኔ የቮልሷን በር ይዘጋው እንደነበረው፣ ቀስ ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።