ጭስ ማውጫው የሚወልቀው መርከብ

ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰፈሩ «ጀርባውስ» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጡለት አብረውት የሠሩ ቀለም ቀቢዎች ናቸው። በር ቀብተው ሊሰቅሉ ሲሉ ከኋላቸው ቆሞ «ጀርባውስ?» ይላል። መስኮት ሊገጥሙ ሲሉ «ጀርባውስ?»። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም ዳግመኛ የማያየው እንጨት እንኳ ከየጎኑ ሳይቀባ እሱ ባለበት አይገጠምም። የሚታየውን ብቻ ቀብቶ የሚሄድ ሰው ለእሱ ሌባ ነው። እነሱ ሲስቁበት፣ እሱም ሲናደድባቸው ኖሩ። ንዴት እንደሆነ ድሮም አይጎድለውም።

ሰሞኑን ያናደደው ግን ከጣት የማይበልጥ የሙጫ ቱቦ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ዕድሜውን ባሕር ላይ የፈጀ መርከበኛ ነበር፤ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። በመጣ ቁጥር ይሠራባት ስለነበረችው መርከብ ማውራት ይወዳል። ጀርባውስ ይህን ሲሰማ ከርሞ አንድ ቀን አሻንጉሊት ቤት ገባና የእሷኑ ዓይነት የፕላስቲክ መርከብ ገዛ፤ ቁርጥራጯ በካርቶን የሚመጣ፣ በሙጫ የምትገጣጠም። ወንድሙ በጣቱ እንዲያያት ነው። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ፣ እንደ ልማዱ ከነጀርባቸው ቀባቸው። ሲደርቁ አጣበቃቸው። መርከቧም አምራ ቆመች።

ወንድሙ መጣና ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። ጣቱ ከአፍንጫዋ ተነሥቶ ወለሏን እየዳበሰ «ይቺ መሰላሏ ናት፤ እዚህ ጋ ነበር የምንተኛው» እያለ ፊቱ ሲበራ ታየ። ጭስ ማውጫው ላይ ሲደርስ ቀጭ አለና እጁ ላይ ቀረ። ምሰሶውም ተከተለው።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ ሰበርኩብህ» አለ ሽማግሌው። እጆቹን ሰብስቦ ብብቱ ሥር ከተታቸው። ሁልጊዜ ሻዩን በዳበሳ ራሱ ነበር የሚቀዳው፤ ያን ቀን ግን የጀርባውስ ሚስት ቀድታ እጁ ላይ እስክታስይዘው ድረስ ዝም ብሎ ጠበቀ።

ጀርባውስን ያንገበገበው ይህ ነው። ማዕበል ያልበገረው ሰው በአንድ የማይረባ ሙጫ የተነሣ ይቅርታ ይጠይቅ? ወንድሙን ከሸኘ በኋላ ሙጫውን ዝርግፍ አድርጎ ጭስ ማውጫውን መልሶ ለጠፈ፣ በላስቲክ አስሮም አሳደረው። ጠዋት ሲነካው ወለቀ።

«እጅህ እየተንቀጠቀጠ ይሆናል እኮ» አለችው ሚስቱ።

«እጄን ለቀቅ አድርጊው። ይሄ እጅ ጣሪያ ሲቀባ ጠብታ አያውቅም። ጥፋተኛው ሙጫው ነው።»

ጃኬቱን አጥልቆ መርከቧን ወደገዛበት ሱቅ ሄደ። «ልጄ፣ የሸጥሽልኝ ሙጫ ነው ምራቅ?» አላት ባለሱቋን፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ከባንኮኒው ሥር የተጣለ የፕላስቲክ ዘንግ አንሥታ ለሁለት ሰበረችው፣ ከዚያው ዓይነት ሙጫ ጫፉን ነካ አድርጋ ገጠመችውና «እስቲ ይያዙልኝ አባባ» ብላ ሰጠችው። ያዘላት። እንደያዘም ስለ ዘንድሮ ዕቃና ስለ ዘንድሮ ነጋዴ ያለውን ሁሉ ተናገረ፣ ያውም በዝርዝር። ተናግሮ ሲጨርስ «በሉ አሁን ያላቁት» አለችው። ሳበው፤ እምቢ አለ። ጠመዘዘው። ዘንጉ ሌላ ቦታ ላይ ተሰበረ፤ መጋጠሚያው ንቅንቅ አላለም። ሱቁ ውስጥ የሳቀ ሰው የለም፤ ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ደህና ዋሉም ሳይል ወጣ።

ቤቱ ገብቶ የወለቀውን ጭስ ማውጫ አነሣና ገለበጠው። ታች ያለው ቀለሙ ተጨማዶ ተልጧል። የተላጠው ደግሞ ከደረቀው ሙጫ ጋር የመርከቧ ወለል ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ከቀለሙ ሥር ያለው ፕላስቲክ ግን ሙጫ የሚባል ነገር አልነካውም። ቱቦውን ከፍቶ አሸተተና ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሽታው የቲነር ዘመድ ነው። በዚህ ዓይነት ነገር የስንቱን በር አሮጌ ቀለም ሲያቀልጥ ኖሯል። ሙጫው ፕላስቲክን ከፕላስቲክ አቅልጦ የሚያዋሕድ ነው፤ እዚህ ግን ያገኘው የእሱን ቀለም ነበርና እሱኑ አቅልጦ ቀለምን ከቀለም አጣበቀ። ሲነኩት ቀለሙ ከነሙጫው ይላጣል።

ንዴቱ አልበረደለትም፤ የሚያርፍበት ሰው ነው ያጣው። «እና የማይታየውን ባዶውን ተወው ነው የምትለኝ?» አለው ቱቦውን። ከቱቦው ጋር ሲሟገት አመሸ። በነጋታው መርከቧን ፈታታት፣ ምላጭ ያዘና ከየመጋጠሚያው ላይ ቀለሙን ፋቀ፤ ፊቱ በሰው ቤት ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ፊት ነበር። ባዶውን ፕላስቲክ ከባዶው ገጥሞ ሙጫው እስኪጠና ተዋት።

ወንድሙ ሲመጣ እጆቹ እንደዚያው ብብቱ ሥር ነበሩ።

«ንካት ጋሼ።»

«አልነካትም። ደግሞ ልሰብርብህ?»

«ያኔም አንተ አልሰበርካትም» አለ ጀርባውስ። «ጥፋቱ የኔ ነው። መጋጠሚያዋን ቀብቼው ነበር።»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። «እኔ እኮ ከዓይኔ ቀጥሎ እጄም ሄደ ብዬ ነበር። ቤቴ ውስጥ ብርጭቆ ማንሣት ትቼ ልጄ እያጠጣችኝ ነው የሰነበትኩት። ማንም ለማያየው ቀለም ብለህ!»

ሽማግሌው እጁን ዘረጋ፣ መርከቧን ፈልጎ አገኛትና በጭስ ማውጫዋ አንጠልጥሎ በንዴት ነቀነቃት። ከላይዋ ምንም አልወደቀም። ደግሞ ነቀነቃት፤ በዚህኛው ግን ቀስ ብሎ ነበር።

«አሁንስ ጀርባዋን ቀብተኸዋል?»

«ከመጋጠሚያው በቀር።»

«አንተ ደረቅ» አለና ጭኑ ላይ አሳረፋት። ከዚያ ጠረጴዛውን እየዳበሰ ፔርሙሱን አገኘ፣ ብርጭቆውን አገኘ፣ ሻዩን ቀዳ። ጥቂት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሚስቲቱ ጨርቅ ልታነሣ ስትል ጀርባውስ እጇን ያዛት።